ፓርክ ማድረግ

ፓርክ ማድረግ ተሽከርካሪን በአንድ ቦታ አቁሞ ማቆየት ማለት ነው። «ፓርክ» ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ግስ ነው።

አመጣጥ

በእንግሊዝኛ ግሱ የወጣው «ፓርክ» ከሚለው ስም ነው። ስሙ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲወረስ ለአደን የታጠረ መሬት ማለት ነበር። በኋላ ሠራዊት መድፍና ጋሪ የሚያሰልፍበት ሜዳም ፓርክ ተባለ። ከዚህ የተገኘው ግስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሠረገላ፣ ቀጥሎም ለመኪና ዋለ። አንድነት ፓርክና የመኪና ፓርኪንግ የሚጋሩት ቃል ይህ ነው።

በአማርኛ ሰዋስው

የአዲስ አበባው ሰፈር ላንቻ ስሙ ከጣሊያኑ የመኪና አምራች ጋር ይያያዛል። መኪና፣ ጎማና ላቫጆም ከጣሊያንኛ የመጡ ስሞች ናቸው። የተዋሰ ስም እንዳለ ይገባል፤ ግስ ግን እርባታ ስለሚያስፈልገው «አደረገ» ይታከልበታል፦ ፓርክ አደረገች፣ ፓርክ አደርጋለሁ፣ ፓርክ ተደርጓል። «ፓርክ» ራሱ አይለወጥም። «ቻርጅ አደረገ» በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። «ፓርኪንግ» በእንግሊዝኛ በዋናነት ድርጊቱን ሲያመለክት፣ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ቦታውን ይጠራል።

ከ«አቆመ» ጋር ያለው ልዩነት

የአማርኛው «አቆመ» ሰፊ ነው፤ ሥራ ማቆምን፣ ሐውልት ማቆምንም ያጠቃልላል። «ሾፌሩ ላንቻ አቆመ» ሲባል «ወራጅ አለ» ተብሎ ተሳፋሪ አውርዶ አልፏል ወይም መኪናውን እዚያው ትቶ ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል። «ፓርክ አደረገ» ሁለተኛውን ብቻ ይገልጻል።

ልዩነቱ በትራፊክ ሕግም ይታወቃል። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ሰው ለማውረድ ወይም ዕቃ ለመጫን ያህል መቆምን ከፓርክ ማድረግ ይለያል። በዚያው ዓመት የወጣው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት ደግሞ ለሁለቱ የተለያየ ምልክት ሰጥቷል። ሁለቱም ቀይ ጠርዝ ያላቸው ሰማያዊ ክቦች ናቸው፦
- አንድ ሰያፍ ቀይ መስመር፦ ፓርክ ማድረግ ክልክል ነው፤ ተሳፋሪ ለማውረድ ያህል መቆም ይቻላል።
- ሁለት የተጠላለፉ ቀይ መስመሮች፦ ለአጭር ጊዜም መቆም ክልክል ነው።

ሁለቱንም «ማቆም ክልክል ነው» ብሎ መተርጎም ልዩነቱን ያጠፋል። «መኪና አቁሞ መሄድ» የሚለው አነጋገር ግን ያለ ውሰት ቃል ያንኑ ትርጉም ይሰጣል።