ከምቱ በፊት የነበረው ድካም፦ የጡት ኢምፕላንትና የአካል ጉዳት ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ይነሣል። የጡት ኢምፕላንት ያላት ሴት በመኪና ግጭት የደኅንነት ቀበቶው ደረቷን ቢጫናት፣ ወይም ወድቃ ደረቷ ቢመታ፣ በውስጧ ያለው ሰው ሠራሽ አካል ምን ይሆናል? ጥያቄው የሐኪም ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል። የተለዋወጠውም የሰው ደረት ስለ ተቀየረ አይደለም፤ ኢምፕላንቱ የተሠራበት ቁስ፣ ውስጡን የምናይበት መሣሪያ፣ ለጉዳቱም ተጠያቂ የምናደርገው ወገን ስለ ተቀያየረ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የታሪክ ጉዳይም ነው። ላሳያችሁ የምሻው አንድ ነገር ነው፦ ምት አብዛኛውን ጊዜ የታሪኩ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። «ተመታች፤ ተቀደደ» ብሎ መዝገብ መዝጋት ከምቱ በፊት የነበረውን ሁሉ መሰረዝ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

በ1895 ቪንሰንዝ ቸርኒ የተባለው የሃይደልበርግ ቀዶ ሐኪም ከአንዲት ታማሚ ጡት እብጠት ካወጣ በኋላ፣ ጎድጉዶ የቀረውን ስፍራ ከራሷ ጀርባ በወሰደው የስብ እጢ ሞላው። ቁሱ የራሷ ሥጋ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ሐኪሞች ወደ ባዕድ ቁስ ፊታቸውን አዞሩ። በቪየና ሮበርት ጌርሱኒ በ1899 ፓራፊን በመርፌ መስጠት ጀመረ፤ ፓራፊኑ እየተጓጎለና እየተሰራጨ ብዙ ሰዎችን ለጉዳት ዳረገ። በ1950ዎቹ ደግሞ ሰው ሠራሽ ስፖንጅ ተሞከረ፤ እርሱም ውሎ ሲያድር ደረቀና ተጨማደደ። ከእነዚህ ሙከራዎች የተገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ሰውነት ባዕድን ነገር ዝም ብሎ አይቀበልም። ሊያስወጣው ካልቻለ በጠባሳ ከብቦ ያጥረዋል።

በ1962 በቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮ የተባሉ ሐኪሞች የመጀመሪያውን የሲሊኮን ጄል ኢምፕላንት ተከሉ። ኢምፕላንቱን የሠራው ዳው ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ ነበር። ሽፋኑም ሲሊኮን፣ በውስጡ ያለው ጄልም ሲሊኮን ነው። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሰውነት በዙሪያው የራሱን የጠባሳ ከረጢት ያበጃል። እንግዲህ ከውስጥ ወደ ውጭ ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ፦ ጄሉ፣ የፋብሪካው ሽፋን፣ የሰውነት ከረጢት። ምት በሚደርስ ጊዜ የሚሆነው ሁሉ የሚወሰነው ከሦስቱ የትኛው ጸንቶ የትኛው እንደ ተሸነፈ ነው።

ሦስቱም ምቱን ከቻሉት የሚቀረው የቆዳ መበለዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ሽፋኑ ሳይነካ በከረጢቱ ውስጥ ደም ይቋጥራል፤ ይህም ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ ሊደርስ ይችላል። ሽፋኑ ተቀድዶ የሰውነት ከረጢት ከጸና ጄሉ ባለበት ታግዶ ይቀራል፤ ጡቱም ቅርጹን ላይለውጥ ይችላል። ላዩ ደኅና፣ ውስጡን ለቄስ እንደሚባለው ነው። ከረጢቱም አብሮ ከተቀደደ ጄሉ ወደ ሥጋው ዘልቆ እስከ ብብት እጢዎች ሊደርስ፣ ጉብታም ሊፈጥር ይችላል። በጨው ውኃ የተሞላው ኢምፕላንት ግን ምስጢር አይደብቅም፤ ሲቀደድ ውኃው ወደ ሰውነት ይሰርግና ጡቱ ይሟሽሻል። ይህ ዓይነቱ በፈረንሳይ ሥራ ላይ የዋለው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው።

የመጀመሪያው ትውልድ ኢምፕላንት ሽፋኑ ወፍራም ነበር። በ1970ዎቹ ግን ለስላሳነት ተፈለገ፤ የጠባሳው መጠንከርም በወፍራሙ ሽፋን ተመካኘ። አምራቾች ሽፋኑን አሳሱት፤ ጄሉንም አቀጠኑት። ውጤቱ በእጅ ሲዳሰስ ደስ የሚያሰኝ፣ ለመቀደድ ግን የቀረበ ዕቃ ሆነ። ከጄሉ የሚወጣው ዘይታማ ፈሳሽ ራሱ ወደ ሽፋኑ እየሰረገ ያላላዋል። ሽፋኑ በታጠፈበት ቦታም እርስ በርሱ እየተፋተገ ይሳሳል። ይህ ሁሉ ምንም ምት ሳይኖር በየዕለቱ የሚካሄድ ድካም ነው። ከዓመታት በኋላ አንድ ግጭት ሲደርስ ሽፋኑን የሚያገኘው እንደ አዲስ ሳይሆን ግማሽ መንገድ ተጉዞ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እጅግ አስገራሚ ምዕራፍ እንግባ። ጠባሳው ሲጠነክር ጡቱን ያደርቀዋል፤ ያሳምማልም። በ1976 የታተመ የሕክምና ጽሑፍ ለዚህ ፈጣን መፍትሔ አስተዋወቀ፦ ሐኪሙ ያለ ቢላዋ በሁለት እጁ ጡቱን አጥብቆ በመጭመቅ ጠባሳውን ይሰነጥቀዋል። ዘዴው ቀዶ ሕክምናን ስለሚያስቀር በብዙ ክሊኒኮች ተወደደ። የተጨመቀው ግን ጠባሳው ብቻ አልነበረም። ደም መቋጠርና የኢምፕላንት መቀደድ ተከተለ፤ ጄሉም በተሰነጠቀው ከረጢት በኩል ወደ ሥጋው መውጫ አገኘ። አምራቾች በማስጠንቀቂያቸው ዘዴውን ከለከሉ፤ ሐኪሞችም ቀስ በቀስ ተዉት። ልብ በሉ፤ በእነዚያ ዓመታት በብዙ ሴቶች ደረት ላይ ኃይል ያሳረፈው የመኪና መሪ ወይም የደኅንነት ቀበቶ ብቻ አልነበረም፤ የሐኪም እጅም ነበር። ያ ኃይል ግን «ሕክምና» ተብሎ እንጂ «ጉዳት» ተብሎ አልተመዘገበም።

ሕጉም ዘግይቶ ደረሰ። የአሜሪካ ምክር ቤት የሕክምና መሣሪያዎችን ለቁጥጥር ያስገዛው በዚያው በ1976 ነው፤ ቀድሞ ገበያ ላይ የነበረው ኢምፕላንት ግን የደኅንነት ማስረጃ ሳያቀርብ እንዲቀጥል ተፈቀደለት። በጥር 1992 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ኃላፊ ዴቪድ ኬስለር የሲሊኮን ጄል ኢምፕላንት ሽያጭ እንዲቆም ጠየቁ። በክስ ብዛት የተጨነቀው ዳው ኮርኒንግ በ1995 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ሰፊ ዘገባ፣ ኢምፕላንቱ መላ ሰውነትን የሚያጠቁ የመገጣጠሚያና መሰል በሽታዎችን እንደሚያስከትል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። በአንጻሩ መቀደድን፣ የጠባሳ መጠንከርንና ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምናን ዋነኛ የደኅንነት ጉዳይ አድርጎ አስቀመጠ። በፍርድ ቤቶችና በጋዜጦች የነበረው ጩኸት ያተኮረው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ሲከራከሩበት ከነበረው ሁሉ ይልቅ እርግጠኛ ነበር።

መቀደዱን ማን ያየዋል? የሐኪም ጣት ብዙ ጊዜ አያገኘውም። በማሞግራፊም ሲሊኮን እንደ ነጭ ክምር ስለሚታይ በከረጢቱ ውስጥ የታገደ መቀደድ ይሰወራል። ነገሩ የተለወጠው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኤም አር አይ ነው። የተቀደደው ሽፋን በጄሉ ውስጥ ተጣጥፎ ሲንሳፈፍ ፓስታ ስለሚመስል የራጅ ሐኪሞች ምልክቱን በጣሊያን ፓስታ ስም ጠሩት። ከዚያ በኋላ ነው ብዙዎቹ መቀደዶች ያለ ሕመምና ያለ ቅርጽ ለውጥ የሚደርሱ፣ ባለቤቶቻቸውም ስለ ምንም ምት የማያስታውሱ መሆናቸው የተገለጠው።

ማሞግራፊ ራሱ ጡትን የሚጫን ምርመራ ነው። በ1988 ኤክሉንድና ባልደረቦቹ ኢምፕላንቱን ወደ ደረት ገፍቶ የጡቱን ሥጋ ብቻ ወደ ፊት በመሳብ የማንሣት ዘዴ አቀረቡ። በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ ለአሜሪካው አስተዳደር ከደረሱ ሪፖርቶች መካከል በማሞግራፊ ጊዜ የደረሱ 66 ችግሮችን መረመረ፤ 41ዱ መቀደድን የሚመለከቱ ነበሩ። እነዚህ በፈቃደኝነት የቀረቡ ሪፖርቶች ስለሆኑ አደጋው ምን ያህል እንደሚዘወተር አይነግሩንም። ከካንሰር ምርመራ ለመሸሽም ምክንያት አይሆኑም። የሚነግሩን ነገር ቢኖር ምርመራውን የሚያካሂደው ባለሙያ ኢምፕላንት መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ እንዳለበት ነው።

የመጨረሻው ምሳሌዬ ከፈረንሳይ ነው። በ2010 ፒ አይ ፒ የተባለው ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ይጠቀም እንደነበር ተጋለጠ። በ2011 መጨረሻ የፈረንሳይ መንግሥት በአገሪቱ የሚገኙ 30,000 ያህል ሴቶች ኢምፕላንቶቹን እንዲያስወጡ መከረ። መሥራቹ ዣን ክሎድ ማስ በ2013 በማጭበርበር የአራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። እነዚህን ኢምፕላንቶች በደረቷ የተሸከመች ሴት ብትወድቅ፣ መቀደዱን በውድቀቷ ማመካኘት ለአምራቹ ምንኛ በተመቸው ነበር!

እናንተ ወጣት ሐኪሞች አንድ ቀን ደረቷን ተመትታ የመጣች ኢምፕላንት ያላት ሴት ትገጥማችሁ ይሆናል። በየትኛው ዓመት እንደ ተተከለላት፣ የማን ሥራ እንደ ሆነ፣ ቀድሞ ተጨምቆ እንደሆነ፣ ከምቱ በፊት የተነሣ ምስል እንዳለ ጠይቁ። ዳስሳችሁ ደኅና ነው ብላችሁ አታሰናብቱ፤ አልትራሳውንድ ወይም ኤም አር አይ ማዘዝ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። በመዝገቡም ላይ ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለይታችሁ ጻፉ። «በምት ምክንያት» የምትለው አጭር ሐረግ ፍርድ ናት፤ የካሳ ጥያቄን ልታቆም፣ አምራችን ነጻ ልታወጣ፣ ታማሚዋንም «ራሴን ባልጠብቅ ነው» ብላ እንድትጸጸት ልታደርግ ትችላለች። ፍርድ ደግሞ ማስረጃው ተሰምቶ ካበቃ በኋላ የሚሰጥ ነው።