የኔ ቢጤ

እጁን ለምጽዋት የዘረጋን ሰው ጨዋ አነጋገር «ለማኝ» አይለውም፤ «የኔ ቢጤ» ይለዋል። ቢጤ እኩያ፣ አምሳያ ነው። ሥሩ የግዕዙ «ቢጽ» ሲሆን ትርጉሙ ወዳጅ፣ ባልንጀራ ነው። ጸጉር ጠጉር፣ ጸበል ጠበል እንደ ሆነ፣ የቢጽም ጸ በአማርኛ ወደ ጠ ዞሮ ቢጤ ተባለ።

ቢጽ በግዕዝ ወንጌል ትልቅ ቦታ አለው። እንደ ራሳችን እንድንወደው የታዘዝነው ሰው ስሙ ቢጽ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ሕግ አዋቂው ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ጌታን ሲጠይቅ፣ የግዕዙ ቃል «ቢጽየ» ነው፤ ቃል በቃል የኔ ቢጤ። ጌታም በወንበዴ ተደብድቦ መንገድ ላይ የወደቀውን ሰውና እርሱን ያነሣውን ሳምራዊ ታሪክ ነገረው። እኛ ዛሬ «አንድ የኔ ቢጤ መጣ» ስንል «የኔ» የምትለው ቃል አፋችን ላይ ደርቃ ቀርታለች። ያሳዝነኛል፤ የስሙ ክብር ያለው እዚያችው ቃል ላይ ነውና።

«ምጽዋት» ደግሞ ከአይሁድ አራማይክ ወደ ግዕዝ የገባ ቃል ነው፤ የዕብራይስጡ «ሚጽዋ» ዘመድ፣ ትርጉሙም ትእዛዝ። መ እና ተ በጥንቱ ቋንቋ ቅጥያ ነበሩ፤ እኛ ዘንድ ግን ከሥሩ ጋር ተዋሕደው መጸወተ፣ ተመጽዋች የሚሉትን ወለዱ። ርኅራኄ በመከራ ብዛት ይዝላል፤ ትእዛዝ ግን እንደ ጸና ይኖራል።

ለማኝ የሰጪው ቢጤ ለመሆኑ «ክፉ ቀን» የተባለው የረሃብ ዘመን ምስክር ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከቀይ ባሕር ጠረፍ የገባ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ ድርቅና አንበጣ ተከተሉ። የሚጠመድ በሬ ሲጠፋ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት ቆፈሩ። ትናንት ጎተራው ሙሉ የነበረ ገበሬ ከሰው ደጅ ቆመ፤ በእርግጥም የሰጪው ቢጤ ነበር።

ዛሬም ከቀዬው የተፈናቀለ፣ የዱቄት ዋጋ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ጎረቤት አለን። ብዙው መለመን ያፍራል። አንባቢ ሆይ፣ እርሱ ደጅህ እስኪቆም አትጠብቅ፤ ካለህ ከፍለህ ይዘህ በሩን አንኳኳ።