የደጋና የቆላ መንገድ በሞተር ላይ፤ ከሽንፋ እስከ ጎንደር

ስለ አውቶሞቢል ታሪካችን ሲነሣ ዘወትር የሚወሳው ቤዴ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ወልስሊ መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ማድረሱ ነው። የአገሩ አቀማመጥ በሞተሩ ላይ ያደረሰው ግን እምብዛም አይጠየቅም።

የሽንፋና የመተማ ቆላ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ግድም ነው፤ ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የድሮው ካርቡራቶር ግን ቤንዚን የሚለካው በማይለወጥ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ በቆላ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ይንገጫገጫል። ከደጋ ወደ ሽንፋ የወረደው ደግሞ ቤንዚን ያንሰዋል፤ በዚያ ላይ ሙቀቱ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ያፈላዋል።

መካኒኮቻችን ይህን ማረም «ሚኒሞ ማስተካከል» ይሉታል። ቃሉ እንደ ካንዴላና እንደ ፍሪሲዮን ሁሉ የጣልያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ፣ ኋላም እዚሁ የቀሩት የጣልያን መካኒኮች፣ በጋራዡ ቋንቋ ውስጥ አሻራቸውን ትተዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ለታሪክ ተማሪ ይህ ከማናቸውም መዝገብ የማያንስ ማስረጃ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉን በአየሩ ማመካኘት አይገባም። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በገላባትና በመተማ ውጊያ ከእንግሊዝ ታንኮች አብዛኞቹ የቆሙት ሰንሰለታቸው በድንጋይና በፈንጂ እየተሰበረ ነው። በመኪናም እንዲሁ ነው፤ የሚኒሞው ብሎን ሲዞር የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ፣ ቀዳዳው በአቧራ ተደፍኗል፤ አለዚያም ከካርቡራቶሩ ሥር ባለው ጓርኒሲዮን በኩል አየር ሾልኮ ይገባል።