ሊኑክስ ከሲዲ ወደ ሃርድ ዲስክ እንዴት ተጫነ?

ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ታሪክ ጻፉ በተባልን ጊዜ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ነገሥታትና ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ነበር። እኛ ግን ታሪክ በጠረጴዛችንም ላይ ስለሚገኝ፥ ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና በኮምፒዩተር ላይ የሚጫንበት መንገድ እንዴት እንደ ተለወጠ ልንጽፍ መረጥን። ስርዓተ ክወና ማለት ማሽኑ ሲበራ ተነሥቶ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም ነው።

ሥራውን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፥ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1991 ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት ኦገስት 25 ቀን ሥራውን ለሌሎች ሲያስታውቅ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር፤ ይኸውም ከእኛ ብዙ አይርቅም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመቶች ሊኑክስን መጫን የዐዋቂዎች ሥራ ነበር። ዕቃው ፍሎፒ ዲስክ ነው፤ አንዱ ፍሎፒ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ብቻ ነበር። በ1993 ፓትሪክ ቮልከርዲንግ ስላክዌርን ባወጣ ጊዜ ጥቅሉ ከሃያ በላይ ፍሎፒ ፈጀ። ተራ በተራ እያስገቡ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ የተበላሸ እንደ ሆነም ሥራው እዚያው ይቆማል። በዚያው ዓመት ኢያን መርዶክ ደቢያንን መሠረተ።

የሆነ ሆኖ ድካሙ እንኳ ከአደጋው ይሻላል። ሃርድ ዲስክ እንደ እርሻ መሬት በድንበር ይከፈላል፤ የድንበሩም መዝገብ በዚያን ጊዜ የነበረው በዲስኩ መጀመሪያ በምትገኝ 512 ባይት በሆነች ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ሊኑክስን የሚጭን ሰው ይህን መዝገብ በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። የአንዱን ክፋይ ቍጥር ከሌላው ያሳሳተ እንደ ሆነ የቤተ ሰቡ ደብዳቤ፥ ሒሳብና ፎቶግራፍ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። በቤት ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ያለው ሰው ይህን እያወቀ እንዴት ይሞክር? አዲሱን ነገር ለማየት አሮጌውን ማጥፋት ግድ የሚሆንበት ሙከራ ሙከራ ሊባል አይገባውም።

መፍትሔው የመጣው ከሲዲ ነው። ይግድራሲል የተባለው ሊኑክስ ገና በ1992 ከሲዲ ላይ መሥራት ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን የሲዲ ማጫወቻ ያለው ማሽን በዚያን ጊዜ ጥቂት ነበርና ብዙ አልተስፋፋም። ነገሩን ለሕዝብ ያደረሰው ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ነው። በ2000 ባወጣው ክኖፒክስ ውስጥ ወደ 2 ጊጋባይት የሚጠጋውን ፕሮግራም አጭቆ 700 ሜጋባይት በሚይዝ አንድ ሲዲ ላይ አሳደረው። ሲዲው የማሽኑን ዕቃዎች ራሱ ፈልጎ ያውቃል፤ የሚሠራውም በጊዜያዊው ማኅደር፥ ማለት በራም ውስጥ ነው። ተጠቃሚው ካላዘዘው በቀር ሃርድ ዲስኩን አይነካም። ሲዲውን አውጥተን ማሽኑን ስናስነሣው ሁሉም እንደ ነበረ ይገኛል። እንደ እኛ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ እርምጃ የለም። (ብዙ ሰዎችም ከተበላሸ ማሽን ፋይላቸውን ያዳኑት በዚሁ ሲዲ ነው።)

ከዚህ በኋላ የቀረው መሞከሩንና መጫኑን ማገናኘት ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሸትልወርዝ በ2004 ኡቡንቱን ሲያወጣ ለመሞከሪያ አንድ ሲዲ፥ ለመጫኛ ሌላ ሲዲ ነበረው፤ ለጠየቀም ሁሉ እስከ 2011 ድረስ በፖስታ በነፃ ይላክ ነበር። በጁን 2006 በወጣው 6.06 ግን ሁለቱ አንድ ሆኑ። ዘዴውም ብልኀት ያለበት ነው፤ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ከመፍታት ይልቅ፥ በሲዲው ላይ ተሰናድቶ የሚሠራውን ስርዓት እንዳለ ወደ ዲስኩ ይገለብጠዋል።

አማርኛችንም ከዚህ ታሪክ አልራቀም። በፌብሯሪ 2009 የወጣው ደቢያን 5.0 አማርኛን ከመጫኛው ቋንቋዎች ጋር ጨመረ፤ ነገር ግን ተራው የጽሑፍ ገጽ ፊደላችንን መሳል ስለማይችል በሥዕላዊው መጫኛ ብቻ ነበር።

ዛሬ የሲዲውን ቦታ ፍላሽ ወስዶታል። ማሽኑን ከፍላሹ አስነሥተን፥ ድምፁና ኢንተርኔቱ መሥራቱን ካየን በኋላ መጫኛውን እንከፍታለን። ቋንቋ፥ የፊደል ገበታና ሰዓት ይጠይቃል፤ ለሰዓቱም አዲስ አበባን መምረጥ ይቻላል። ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ሊኑክስ ከቀድሞው ስርዓት ጎን ይቀመጥ ወይስ ዲስኩ በሙሉ ይጥፋ የሚለው ነው። ለሁለቱም ቢሆን አስፈላጊውን ፋይል አስቀድሞ በሌላ ዕቃ ላይ መገልበጥ ይገባል፤ ድንበር ሲገፋ መብራት ቢጠፋ መዘዙ ብዙ ነውና። ከዚህ በኋላ ፋይሎቹ ይገለበጣሉ፥ ማሽኑን የሚያስነሣው ግራብ የተባለው ትንሽ ፕሮግራምም በዲስኩ ላይ ይቀመጣል። መጫኛው ሥራውን ሲጨርስ ፍላሹን አውጥተን ኤንተር የሚለውን ቍልፍ እንድንጫን ይጠይቀናል፤ ማሽኑም ከገዛ ዲስኩ ይነሣል።