የመሥሪያ ቤት ስምና ግብሩ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ስም የሚያወጣው ግን ሹም ነውና፥ ከስሙ ይልቅ ግብሩን መመርመር ይገባል። ይልቁንም መሥሪያ ቤቱ ከመናገሻ ከተማ ርቆ ለሚኖር ሕዝብ የቆመ ሲሆን ምርመራው ጠበቅ ማለት አለበት።

በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ እኛ በምንኖርበት በኮልፌ፥ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ተምረው ነበር። በአገራቸው በደቡብ አፍሪቃ ጥቁሩን ሕዝብ የሚያስተዳድረው ክፍል «የአገሬው ተወላጆች ጉዳይ መሥሪያ ቤት» ሲባል ኖሮ፥ በ1958 እ.ኤ.አ. «የባንቱ አስተዳደርና ልማት» ተባለ። በ1952 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግም በስሙ የይለፍ ወረቀትን የሚሽር ነበር፤ በግብሩ ግን ጥቁሩን ሰው በገዛ አገሩ ሌላ የይለፍ ደብተር አሸከመው። ይህ ሸክም እስከ 1986 እ.ኤ.አ. አልወረደለትም።

የሌላውን ነውር መቍጠር ቀላል ነውና ወደ ራሳችን እንመለስ። በዚያው በ1954 ዓ.ም. በአገራችን የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ይህን ከዚያ ጋራ አላመሳስልም፤ ያ ለማዋረድ፥ ይህ ለማልማት የታሰበ ነውና። ነገር ግን ልማት የሚለው ስም ያማረ ስለ ሆነ ግብሩን የመረመረ ጥቂት ነው። የአፋር አርብቶ አደር ዝናም ሲዘንብ ከብቱን በሜዳው ያሰማራል፤ ሲደርቅ ወደ አዋሽ ዳር ያወርዳል። ወንዝ ዳሩ የክፉ ቀን ጎተራው ነበር። በዚያ ዘመን ግን ሹሙ «ዘላን» ይለው ነበርና፥ ዘላን ቦታ የለውም ተብሎ መሬቱ ባዶ መሰለ። በላይኛው ሸለቆ ሸንኮራ፥ በታችኛው ጥጥ ተተከለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ዝናም በቀረ ጊዜ ከብቱ የሚወርድበት ስፍራ ጠቦ ነበር፤ ከብቱ አለቀ፥ ሰውም ተከተለው። ድርቁን ሰው አላመጣውም፤ መሸሻውን ግን ሰው አጠበበው። ክፉው ንጉሥ አክዓብ እንኳ የናቡቴን የወይን ቦታ ከመውሰዱ በፊት ናቡቴን ጠይቆት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አርብቶ አደር ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ጻፈ። በ1994 ዓ.ም. የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ተቋቁሞ እንደ አፋር፥ ሶማሌ፥ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ጋምቤላ ያሉትን ክልሎች የመደገፍ ኀላፊነት ያዘ። በ2008 ዓ.ም. «የአርብቶ አደር ልማት» የሚለው በስሙ ተጨመረ፤ በ2011 ዓ.ም. የሰላም ሚኒስቴር ተተካ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ስሞቹ ሁሉ መልካሞች ናቸው። መስኖና ቆላ ወደ አንድ ቤት መግባታቸው ግን የአዋሽን የቀድሞ ጥያቄ እንደገና ያስነሣል፤ ይኸውም ውሃው ወደ እርሻው ሲጠለፍ ከብቱ የት ይጠጣል? የሚል ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገ አንተም ሆንህ እኅትህ እንዲህ ባለው መሥሪያ ቤት ወንበር ይዛችሁ ትቀመጡ ይሆናል። ካርታ ዘርግታችሁ ባዶ የሚመስል ስፍራ ብታዩ፥ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት በደረቁ ወር ማን ከዚያ ውሃ እንደሚያጠጣ ጠይቁ። መልሱን የሚያውቀው በትሩን ይዞ ከደጃችሁ የቆመው ሰው ነው።