የሳንባ ሐኪም ጆሮ



የሳንባ ሐኪም ተግባሩ መድኃኒት ማዘዝ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ታሪክ የሚያስተምረን ግን፣ የነቀርሳ መድኃኒት ከመገኘቱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ይህ ሙያ በማዳመጥ መጀመሩን ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በቀድሞ ዘመን በደረት ውስጥ የተሰወረው ደዌ በእርግጥ የሚታወቀው፣ ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ከሞተ በኋላ ሬሳው ሲመረመር ነበር። በ1761 ዓ.ም. ኦስትሪያዊው ሐኪም ሌኦፖልድ አውንብሩገር ደረትን በጣት እየመቱ ድምፁን መመርመር እንደሚቻል በመጽሐፍ ገለጸ፤ ዳሩ ግን በዘመኑ ብዙ ሰሚ አላገኘም።

በ1816 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ በኔኬር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሬኔ ላኤኔክ አንዲት ወጣት ሴት ሊመረምር ቀረበ። ጆሮውን በደረቷ ላይ ማሳረፍ ነውር ሆኖ ታየው። በዚያን ጊዜ፣ የግንድን አንድ ጫፍ በመርፌ ቢጭሩት ድምፁ በሌላው ጫፍ ጎልቶ እንደሚሰማ ትዝ አለው። ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ በደረቷ፣ ሌላውን በጆሮው ላይ ቢያደርግ የልቧን ምት አጥርቶ ሰማ። በኋላም መሣሪያውን ከእንጨት ሠራው።

ይሁን እንጂ የላኤኔክ ታላቅነት በመሣሪያው ብቻ አይደለም። ከሕመምተኛው ደረት የሰማውን ድምፅ እየጻፈ ያኖር ነበር፤ ሕመምተኛው ሲሞትም ጽሑፉን በሳንባው ላይ ከታየው ጉዳት ጋር ያመሳክር ነበር። በዚህ ትዕግሥት የሳንባ ምችንና የነቀርሳን ምልክቶች ለይቶ በ1819 ዓ.ም. መጽሐፉን አሳተመ። እርሱም ራሱ በሳንባ ነቀርሳ ተይዞ በ1826 ዓ.ም. በ45 ዓመቱ ሞተ። የሌላውን ደዌ ለይቶ ማወቅ ቻለ፤ የራሱን ግን የሚፈውስለት አልነበረም።

ከእርሱ በኋላ ሮበርት ኮክ በ1882 የነቀርሳን ተሕዋስ አስታወቀ፤ በ1895 ራጅ፣ በ1943 ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ተገኘ። በሀገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሐኪሞች ልዩ ሥልጠና በ2013 ተጀመረ።

እንግዲህ ላኤኔክ ያላገኘው መድኃኒት ለእኛ ተገኝቷል። ስለዚህ ሳሉ ሁለት ሳምንት የዘለቀበት ሰው፣ «ብርድ መትቶኝ ነው፤ የቢሮው ሥራ ጋብ ሲል እታያለሁ» እያለ ቀኑን አያሳልፍ። ሐኪም ሊያዳምጥ የሚችለው የቀረበለትን ደረት ብቻ ነውና።