ክሎሮኪን ፎስፌት
ክኒን ከነማሸጊያው፣ የክሪስታሉ ሞዴል (የእንጨት ኳስ፣ ሽቦ፣ ቀይ ክር)

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ይላሉ። እዚህ በወባ የሚታመም ሰው ብዙውን ጊዜ ቆላ ወርዶ የሰነበተ ነው። ደጋነት ግን ሁልጊዜ አያስጥልም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ድረስ ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያንን አሳመመ፤ 150,000 ገደማ እንደሞቱ ይገመታል።

ከዚህ የወባ ክኒን 250 ሚሊ ግራም ጨው ውስጥ መድኃኒቱ ራሱ 150 ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ፎስፌት ነው፤ ትርፍ ግን አይደለም። ክሎሮኪን ብቻውን በውኃ እምብዛም አይሟሟም። ከፎስፎሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ሁለት ናይትሮጂኖቹ አንዳንድ ፕሮቶን ይቀበላሉ፤ በሞለኪዩሉ ጭራ ላይ ያለው ናይትሮጂን ያን ጊዜ አሞኒየም ይሆናል።

በሞዴሉ ላይ ቀዩን ክር ይከተሉ፤ የሃይድሮጂን ትስስርን ያሳያል። ከናይትሮጂኑ ሃይድሮጂን ተነስቶ ፎስፌቱ ኦክስጅን ላይ ያርፋል። ፎስፌቶቹም እርስ በርስ የሚያያዙት በዚሁ ነው። አንዱ ትስስር ደካማ ነው፤ ክሪስታሉን የሚያጸናው ከቻርጆቹ መሳሳብ ጋር የትስስሮቹ ብዛት ነው። ውኃ ሲገባ የውኃው ሞለኪዩሎች የትስስሮቹን ቦታ ይወስዳሉ፣ ጨውም ይሟሟል። ክኒኑን ሳይውጥ አፉ ውስጥ ያቆየ ሰው ምሬቱን ያውቀዋል!

ክሎሮኪንን እ.ኤ.አ. በ1934 የሠራው የባየር ኬሚስት ሃንስ አንደርሳግ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ መድኃኒቱን ተላምዶታል፤ ቫይቫክስ ለተባለው ሌላ የወባ ተሕዋስ ግን በኢትዮጵያ ሲታዘዝ ኖሯል።